ስለ ጤና ምርምርና ስለ ሕዝብ ገንዘብ

(በአረቅጥ፣ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ አንድ የቀድሞ ተማሪ ያሰማው ንግግር)



 እኔም እንደ እናንተ በጉመር ብርድ ደብተሬን በብብቴ ሸጉጬ፣ የጠዋቱ ጭጋግ ሳይገፈፍ ወደዚህ ግቢ የምመጣ ልጅ ነበርሁ። እዚህ የተማርሁት ፊደልና ቁጥር ነው። ዛሬ የምነግራችሁም ስለ ቁጥር ነው፤ ይኸውም ሰው ሲታመምና ሲሞት መቁጠር፣ ምክንያቱን መጠየቅ፣ ከመልሱም ተነሥቶ የሕክምናውን ሥራና የመንግሥቱን ሕግ ማሻሻል ምን ያህል እንደሚጠቅም፣ ወጪውንም ማን መክፈል እንደሚገባው ነው።

ርእሱ ለብዙዎቻችሁ ደረቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። ለእኔ ግን ደረቅ አይደለም። ለምን እንደ ሆነ በአንዲት እናት ታሪክ ልጀምር።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ፣ ለአንድ የጤና ጥናት ቤት ለቤት እየዞርሁ የምጠይቅ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬም በየቤቱ ገብቶ «በቤቱ ስንት ሰው ይኖራል? ባለፈው ዓመት የተወለደ አለ? የሞተስ አለ?» እያሉ መመዝገብ ነው። አንድ ቀን ከአንዲት እናት ጎጆ ደረስሁ። አንድ ልጅ እንደ ሞተባቸው ነገሩኝ። «በምን ሞተ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ትኩሳት ነበረው፤ ያስለዋል፤ ደረቱ እንደ ወናፍ ይነሣል፣ ይወድቃል፤ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ» አሉኝ። ጻፍሁት።

እሳቸው ግን ብዕሬን እያዩ ቆዩና «አንተ ልጅ፣ እንግዲህ ልጄን ጻፍኸው። ጽፈህስ ወዴት ትወስደዋለህ? መድኃኒት ይዘህልን መጥተሃል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልያዝሁም፣ እናቴ» አልሁ።

«እንግዲያው ምን ያደርግልናል?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን አላባረሩኝም፤ ቡና አፍልተው አጠጡኝ። እኔም አፍሬ ጠጥቼ ወጣሁ።

በዚያው ዓመት ለመስቀል ወደ ቤቴ ስመጣ ያንኑ ጥያቄ ለገዛ እናቴ አቀረብሁ። ስምንት ወልዳ ሦስት እንደ ሞቱባት ዐውቃለሁ፤ በምን እንደ ሞቱ ግን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። «አንዱ ትኩሳት፣ አንዱ ተቅማጥ፣ አንዷ ደግሞ እንጃ፣ ሌሊት ነው» አለችኝ። የእነዚያ የሦስቱ ልጆች ስም በአንድም መዝገብ ላይ አልተጻፈም። ከእናቴ ሌላ የሚያስታውሳቸው የለም። ያን ጊዜ የዚያችን እናት ጥያቄ መመለስ ዕዳ ሆኖ ታየኝ። የዛሬው ንግግሬም ያን ዕዳ ለመክፈል የምሞክርበት ነው።

እንግዲህ መልሱን ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከዚህ ከደጋው ወረድ ብለን ወደ ቡታጅራ እንሂድ።

በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድን አገር ከኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በቡታጅራ ዙሪያ አንድ ጥናት ጀመረ። ስሙም የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ይባላል። ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመረጡ። ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በስሙ፣ በዕድሜውና በቤቱ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ መረጃ ሰብሳቢዎች በየጊዜው እየተመላለሱ ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን መጥቶ እንደ ሰፈረ፣ ማን እንደ ወጣና ማን እንደ ሞተ ይጽፉ ጀመር።

ይህ ነገር ትንሽ መስሎ እንዳይታያችሁ። ሐኪም ቤት የሚያውቀው ሐኪም ቤት የደረሰውን በሽተኛ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ አብዛኛው የገጠር ሕፃን ሐኪም ሳያየው በእናቱ ጉያ ይሞት ነበር። ስለዚህ በሐኪም ቤት መዝገብ ብቻ አገርን ለመምራት የሚሞክር ሰው፣ ከእንሰቱ ማሳ ጫፍ ላይ ያለውን አንድ ተክል አይቶ መላው ማሳ ደኅና ነው ብሎ እንደሚፈርድ ሰው ነው። ሁሉን ዞሮ ያላየ ሰው የትኛው እንሰት እንደ ጠወለገ፣ ከየትኛውም ወገን በሽታው እንደ ገባ አያውቅም።

ሕፃኑ ሐኪም ሳያየው ከሞተ የሞቱን ምክንያት ማወቅ እንዴት ይቻላል? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ለዚህ ዘዴ አላቸው። እናቲቱን ወይም ያስታመመውን ሰው በርኅራኄ እያነጋገሩ «ያስለው ነበርን? ትንፋሹ ይፈጥን ነበርን? ያስቀምጠው ነበርን? ስንት ቀን ቆየ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ከዚያም ሐኪሞች የተጻፈውን መልስ መርምረው የሞቱን ምክንያት ይገምታሉ። እንግዲህ ያችን እናት «በምን ሞተ?» ብዬ ስጠይቃቸው እሳቸው ባያውቁትም፣ እኔም በደንብ ባላውቀው፣ ለሐኪሙ እየመሰከሩ ነበር።

በቡታጅራ የተገኘውም ምስክርነት ግልጽ ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ልጆች አብዝተው ከሚገድሉት መካከል ዋነኞቹ የመተንፈሻ አካል በሽታዎች፣ በተለይም የሳምባ ምችና ተቅማጥ ሆነው ተገኙ። እነዚህ በሩቅ አገር ብቻ መድኃኒት የሚገኝላቸው ረቂቅ በሽታዎች አይደሉም። ለሳምባ ምች በጥቂት ብር የሚገዛ ክኒን፣ ለተቅማጥም ጨውና ስኳር በልክ የተዋሐደበት ውሃ ይበቃል። የጎደለው መድኃኒቱ ሳይሆን መድኃኒቱ ከእናቲቱ ደጅ የሚደርስበት መንገድ ነበር።

ያ መንገድ ከጊዜ በኋላ ተከፈተ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ በየቀበሌው ጤና ኬላ ይሠራ፣ የቀበሌው ልጆች የሆኑ ሴቶችም እየሠለጠኑ ይመደቡ ጀመር። ሆኖም በመጀመሪያ እነዚህ ሠራተኞች የሳምባ ምችን በክኒን እንዲያክሙ አይፈቀድላቸውም ነበር። «ክኒኑን ያለ አግባብ ቢሰጡስ?» የሚል ስጋት ነበረ፤ ስጋቱም ከንቱ አልነበረም። ስጋቱን ያስወገደው ክርክር ሳይሆን ጥናት ነው። በአገራችንና በሌሎችም አገሮች የተደረጉ ሙከራዎች፣ በሚገባ የሠለጠነ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ የልጁን ትንፋሽ በሰዓት ቆጥሮ የሳምባ ምችን ለይቶ ማከም እንደሚችል አሳዩ። በ2002 ዓ.ም. መንግሥት ይህ ሥራ በጤና ኬላ እንዲሠራ ፈቀደ።

ውጤቱን በቁጥር ላሳያችሁ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ቁጥሩ 123 ሆነ፤ በ2003 ዓ.ም. 88፤ በ2008 ዓ.ም. 67። ይህን ሁሉ ያመጣው ምርምር ብቻ ነው ብል ሐሰተኛ እሆናለሁ። ክትባቱ፣ መንገዱ፣ የእህሉ ሁኔታ፣ የእናቶች ትምህርት፣ የጤና ሠራተኞቹ ድካም ሁሉ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን የትኛው በሽታ እንደሚገድል ያልቆጠረ ሰው መድኃኒቱን ወዴት እንደሚልክ አያውቅም፤ የተላከውም መድኃኒት ይሥራ አይሥራ ሊያውቅ አይችልም።

አሁን ደግሞ ሰው ብዙ ወደማይናገርበት ሕመም ልለፍ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። በአገራችን አብዝቶ የሚደበቀው ሕመም የአእምሮ ሕመም ነው። በቤቱ እንዲህ ያለ በሽተኛ ያለው ሰው ለጎረቤት አይናገርም፤ አንዳንዱም ወገኑን ከጓሮ ቤት ያስረዋል። የሚያስረውም ጨካኝ ስለ ሆነ ሳይሆን ሌላ መላ ስላጣ ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች በዚያው በቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና በማረቆ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ከ68 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ቤት ለቤት ጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለዩ። ከተገኙትም በሽተኞች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ በሽተኞቹን ቆጥረው አልተለዩአቸውም፤ ሕክምና እንዲያገኙ እያደረጉ ለብዙ ዓመታት ተከታተሏቸው። በአሥር ዓመት ውስጥ ክትትል ከተደረገላቸው 919 ሰዎች 121ዱ ሞቱ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው የአገሩ ሰው በአማካይ ወደ 30 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱም ታወቀ። ከሞቱትም ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። ይህም ማለት፣ የአእምሮ ሕመምተኛ ሲታመም ሰው ሁሉ «ያው ነው፤ አእምሮው ነው» ብሎ ስለሚተወው፣ ሌላው ሰው በሚድንበት በሽታ እሱ ይሞታል ማለት ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ቁጥር ስትሰሙ የአንድ ሰው ፊት ወደ አሳባችሁ እንደሚመጣ ዐውቃለሁ። በእኔም አሳብ ይመጣል።

ይህ ጥናት በወረቀት አልቀረም። በ2005 ዓ.ም. መንግሥት የመጀመሪያውን ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አወጣ። ከዚያም በፊት፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በዚሁ በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ፣ የአእምሮ ሕክምናን ወደ ተራው ጤና ጣቢያ የሚያወርድ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ጥያቄው ግልጽ ነው፤ ልዩ ሐኪም በሌለበት በጤና ጣቢያ ያለ ነርስና ጤና መኮንን ሠልጥኖ ይህን በሽተኛ ሊያክም ይችላልን? ወይስ ሩቅ ወዳለው ሆስፒታል መላክ ግድ ነውን? ይህን ለመፍረድ ከ300 የሚበልጡ ከባድ የአእምሮ ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው፣ ገሚሶቹ በሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች፣ ገሚሶቹ በየጤና ጣቢያቸው ታከሙ። በ2014 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ በጤና ጣቢያ የታከሙት በሆስፒታል ከታከሙት አላነሱም።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቀው ወንድሙን በገመድ አስሮ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ የወሰደ ሰው ነው። ለትራንስፖርት ላም የሸጠ ሰው ያውቀዋል። የጤና ጣቢያው ነርስ ማከም ከቻለ ላሟም ትቀራለች፤ ገመዱም ይፈታል። ምርምር ሲባል ይህን የመሰለ ነገር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

እስከ አሁን የነገርኋችሁ ደስ የሚያሰኘውን ነው። አሁን የሚከነክነውን ልንገራችሁ።

ለዚህ ሁሉ ገንዘቡን የከፈለው ማን ነው? የቡታጅራ ቆጠራ ሲጀመር ዋናው ገንዘብ የመጣው ሳሬክ ከሚባለው የስዊድን መንግሥት የምርምር ትብብር ድርጅት ነው። ይኸውም የስዊድን ገበሬ፣ የስዊድን መምህር፣ የስዊድን መንገድ ጠራጊ ከከፈለው ግብር ነው። የአእምሮ ሕመሙ ጥናት ዋና ወጪ የተገኘው ከአሜሪካ ከአንድ የምርምር ተቋም ነው። የሶዶው ሥራ ወጪ የብሪታንያ መንግሥት የእርዳታ ገንዘብ ነው። ለጋሾቹን እናመሰግናለን። በመስቃን የሞተው ልጅ በምን እንደ ሞተ ለማወቅ፣ በሰሜን ዋልታ አጠገብ የሚኖር ሰው ከደመወዙ ከፍሏልና ምስጋና ይገባዋል።

ነገር ግን «በሰው ወርቅ አይደምቁም» ይባላል። የተዋሱትን ወርቅ ባለቤቱ በፈለገው ቀን ይወስደዋል። ቅድም የቆጠርሁላችሁ የሕፃናት ሞት ቁጥር፣ 166፣ 123፣ 88፣ 67 ያልሁት፣ የተገኘው የአገራችን የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብና በባለሙያዎች እርዳታ ባደረገው ጥናት ነው። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታ ድርጅቱን ሲዘጋ፣ በብዙ ድሆች አገሮች ይህን ቆጠራ ያግዝ የነበረው ፕሮግራምም እንዲቋረጥ ታዘዘ። በአንድ ሩቅ ከተማ አንድ ፊርማ ተፈረመ፤ በብዙ አገር የልጆች ሞት መቁጠሪያው ብዕር ከእጅ ወደቀ። በዚያ ፊርማ ላይ ማንም የጉመርን እናት አልጠየቀም፤ ሊጠይቅም ግዴታ የለበትም። ገንዘቡ የእሱ ነውና።

ሌላም ነገር አለ። ገንዘብ የሚከፍል ሰው ጥያቄውንም ይመርጣል። ይህም ክፋት አይደለም፤ የሰው ጠባይ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአድዋ ወንዝ ዳር ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን ትል ወደ ሰው የሚያሻግረው ቀንድ አውጣ ስለ ሆነ፣ በየቤቱ የሚታወቀው እንዶድ ለዚህ በሽታ መከላከያ ሊሆን እንደሚችል ተረዱ። ነገር ግን በአፍሪቃ በአንድ አፍሪቃዊ የተገኘውን ነገር ዓለም አምኖ እስኪቀበለውና የሚፈለገው የምርመራ ወጪ እስኪገኝ ድረስ ብዙ ዓመታት አለፉ። ለዚህ ሥራ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን አገር የተሸለሙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ከግኝቱ 25 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ጥያቄው የእኛ፣ ተክሉም የእኛ፣ ሊቁም የእኛ ነበር። ኪሱ ግን የሌላ ነበር።

በአንጻሩ ጥያቄውን አገር ራሷ ስትጠይቅ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ አንገታችን እንመልከት። በዚህ በደጋው አገር እንቅርት ያለባቸውን እናቶች የማያውቅ የለም። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው፣ በአገሩ ሁሉ ባደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑ ከአሥር ልጆች ወደ አራቱ የእንቅርት ምልክት እንዳለባቸው አገኘ። ምክንያቱም የአዮዲን እጥረት ነው። የአዮዲን እጥረት አንገትን ብቻ አያሳብጥም፤ እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ካጣችው የልጁን አእምሮ ይጎዳል። በ2003 ዓ.ም. ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝዝ ደንብ ወጣ። እናንተ ተማሪዎች ዛሬ በቤታችሁ የምትበሉት ጨው አዮዲን ካለው፣ ያ ጨው ከመጣፈጡ በፊት በምርምር ወረቀት ላይ ያለፈ ጨው ነው።

አንዳንድ ሰው «ድሃ አገር በምርምር ላይ ገንዘብ ማጥፋት የለባትም፤ ገንዘቡ ለመድኃኒትና ለአልጋ ይዋል» ይላል። ይህን ነገር አላቃልለውም። ጤና ጣቢያው መድኃኒት አልቆበት ሲመለስ የነበረ ሰው እንዲህ ቢል እውነት አለው። እኔ ግን የምመልሰው እንዲህ ነው፤ ሀብታም ሰው መንገድ ቢስት የሚጠፋበት ጥቂት ነው፤ ድሃ ሰው መንገድ ከሳተ ስንቁ ያልቃል። ገንዘቡ ጥቂት የሆነ አገር የት ላይ እንደሚያውለው ለማወቅ ከሀብታሙ ይልቅ ያስፈልገዋል።

ሀብታሞቹም ቢሆኑ የጀመሩት ከጥቂት ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1911 የወጣው የሠራተኞች የጤና ኢንሹራንስ ሕግ፣ በኢንሹራንሱ ለታቀፈ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት አንዲት ፔኒ ለምርምር እንድትውል አዘዘ። ፔኒ ማለት የእነሱ ሽርፍራፊ ሳንቲም ናት። አሳቡም በዚያን ጊዜ ሕዝቡን ይፈጅ የነበረውን የሳምባ ነቀርሳ መዋጋት ነው። ከእነዚያ ሳንቲሞች እ.ኤ.አ. በ1913 የሕክምና ምርምር ኮሚቴ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1948 ይኸው ተቋም፣ ያን ጊዜ የሕክምና ምርምር ካውንስል ተብሎ፣ ስትሬፕቶማይሲን የሚባለው መድኃኒት የሳምባ ነቀርሳን እንደሚረዳ በዕጣ በተከፈሉ በሽተኞች አረጋገጠ። ቅድም ያነሣኋቸው የአእምሮ ሕመምተኞች በዕጣ የተከፈሉበት ዘዴ የዚያ ሥራ የልጅ ልጅ ነው። ለነቀርሳ በሽተኛ በጤና ጣቢያችን ዛሬ በነፃ የሚሰጠው ሕክምናም ሥሩን ቢቆፍሩት ከዚያች ሳንቲም ይደርሳል።

እኛ ደግሞ የሳንቲም ነገር ለማንም ተማሪዎች አይደለንም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ሕዝብ፣ በአዲስ አበባ በንግድና በጉልበት ሥራ የተሰማራው ከአገር ቤት ካለው ጋር ተባብሮ፣ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቋመ። የሊስትሮውም፣ የነጋዴውም፣ የገበሬውም መዋጮ ተጠራቅሞ፣ መንግሥትም የበኩሉን ጨምሮበት፣ ፈረስ በጭንቅ ያልፍበት በነበረው አገር መኪና ገባ። አባቶቻችን መንገድ የጋራ ነገር መሆኑን ዐወቁ፤ «መኪና የሌለኝ እኔ ስለ ምን ላዋጣ?» አላሉም። መንገዱ ለሁሉ ስለ ሆነ ሁሉ ከፈለ።

ዕውቀትም እንዲሁ ያለ መንገድ ነው። ጨው አዮዲን እንዲገባበት ያደረገው ዕውቀት ለአንድ ሰው ተሽጦ ለሌላው የሚከለከል አይደለም፤ ለሁሉ ነው። ለዚህ ነው የጤና ምርምር ከሕዝብ ገንዘብ፣ ማለትም ከግብር፣ መከፈል ያለበት። ነጋዴ ትርፍ የሌለበትን ጥያቄ አይጠይቅም። የዚህ የደጋ ሕዝብ ከቆጮ ጋር ምን ቢመገብ ልጁ እንደሚፋፋ፣ በክረምት በተዘጋ ጎጆ ውስጥ ያለው ጢስ የሕፃኑን ሳምባ ምን ያህል እንደሚጎዳ፣ በጭቃው መንገድ ላይ ምጥ የያዛት እናት በምን ዘዴ ፈጥና ጤና ጣቢያ እንደምትደርስ ለሚያጠና ሰው ትርፍ የሚከፍል ኩባንያ የለም። ይህን ሊጠይቅ የሚችለው ወይ ሩኅሩኅ ባዕድ ነው፤ ወይ የገዛ መንግሥታችንና የገዛ ዩኒቨርሲቲያችን ነው።

ቃሉማ ተገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በማሊ አገር በባማኮ በተደረገው የዓለም ሚኒስትሮች ጉባኤ፣ መንግሥታት ከጤና ሚኒስቴር ባጀታቸው ቢያንስ 2 በመቶውን ለምርምር እንዲያውሉ ጥሪ ቀርቧል። ከመቶ ብር ሁለት ብር ማለት ነው። መልካም ጅምርም አለን። በ1962 ዓ.ም. በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች እርዳታ ለሥጋ ደዌ ምርምር የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም፣ በ1996 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛውሯል። ባዕድ የተከለውን ዛፍ ባለ አገሩ ውኃ ሊያጠጣው ተረከበው። እንዲህ ያለው ነገር ይብዛ እላለሁ።

የሕዝብ ገንዘብ ሲከፈል ሌላም መብት ይመጣል። ተመራማሪ ከመንደራችን መልስ ሰብስቦ፣ በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ በባሕር ማዶ መጽሔት አትሞ፣ ማዕርጉን ተቀብሎ ሊቀር ይችላል። ይህ ሲሆን አይተናል። ወጪውን የከፈለ ሕዝብ ግን «ያገኘኸውን በምንሰማው ቋንቋ መልሰህ ንገረን» ለማለት ይችላል። ያች እናት የጠየቁኝም በመሠረቱ ይህን ነው።

እንግዲህ ንግግሬን ከማብቃቴ በፊት ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ነገር ልለምን።

ወላጆች ሆይ፤ መዝገብ የያዘ ልጅ ከደጃችሁ ሲመጣ መጀመሪያ ከየት እንደ መጣና ለምን እንደሚጠይቅ ጠይቁት። ይህ መብታችሁ ነው። መልሱ ካረካችሁ ግን እውነቱን ንገሩት። የሞተውን አትደብቁ፤ የታመመውን አታሳንሱ። በሐሰት መልስ ላይ የተሠራ ሕግ በአሸዋ ላይ የቆመ ቤት ነው። ልጅ ሲወለድና ሰው ሲሞትም በቀበሌ አስመዝግቡ።

መምህራን ሆይ፤ የቀሪ ተማሪዎችን መዝገብ በየቀኑ ትይዛላችሁ። ከዚያ መዝገብ አጠገብ «ስለ ምን ቀረ?» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩበት። በዓመቱ መጨረሻ ስንቱ በሕመም፣ ስንቱ በሥራ፣ ስንቷ ልጃገረድ በወር አበባዋ ምክንያት እንደ ቀረች ተማሪዎቹ ራሳቸው ይደምሩት። ይህ ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ጥናቱን ያለ ምንም ባጀት ሊጀምር ይችላል።

ተማሪዎች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ሐኪም መሆን የሚመኝ ብዙ ነው። መልካም ምኞት ነው። ሐኪም አንድ በሽተኛ ያድናል፤ ዐርፎ ሌላ ያድናል። ነገር ግን ከእናንተ ጥቂቶቻችሁ ቁጥር ወድዳችሁ፣ ቤት ለቤት ዞራችሁ፣ «ስለ ምን?» እያላችሁ የምትጠይቁ ሁኑ። ስማችሁን ማንም ላያውቀው ይችላል። የጨው ደንብ ሲወጣ ለየመንደሩ የጨዋታ ርእስ የሆነ ተመራማሪ አልነበረም፤ ልጆቹ ግን በደኅና አእምሮ ይወለዳሉ።

ነገ ደግሞ ከእናንተ አንዱ ባጀት በሚመደብበት ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጥ ይሆናል። ያን ጊዜ ከመቶ ብር ሁለት ብር ለምርምር ይመደብ የሚል ወረቀት ከፊቱ ሲቀርብ፣ ወረቀቱን ገፋ ከማድረጉ በፊት ይህን ቀን ያስታውስ።

ያች እናት «ልጄን ጽፈህ ወዴት ትወስደዋለህ?» ብለው ነበር። ዛሬ በሕይወት ቢኖሩና ብገናኝ እንዲህ እላቸዋለሁ፤ «እናቴ፣ ልጅዎን ከሌሎች ብዙ ልጆች ጋር ደምረን ወደ ሚኒስቴሩ ወሰድነው። እሱ አልተመለሰም። ነገር ግን ዛሬ ደረቱ እንደ ወናፍ የሚነሣ ሕፃን በቀበሌዎ ጤና ኬላ ሲደርስ፣ አንዲት የአገሩ ልጅ ሰዓቷን አይታ ትንፋሹን ትቆጥራለች፤ ክኒንም ትሰጠዋለች። ያን ያህል ሩቅ ሄዷል።»